ውዳሴ ለልብስ ሰፊ አፍ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ቆሜ ሱሪዬን ስጠብቅ፣ ሐውልት ሊቆምለት ሲገባ የተዘነጋ አንድ ታላቅ አካል አስተዋልሁ፤ የልብስ ሰፊን አፍ። እጁን ሁሉም ይመርቀዋል። እግሩም መኪናዋን ሲረግጥ ለዓይን ይታያል። አፉን ግን «ተባረክ» ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም።

እስፒል ማስቀመጫ ትንሽ ትራስ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ የእኛ ሰፊ ግን ስድስት እስፒል በከንፈሩ ነክሶ ዋጋ ይከራከራል። አንዲቱም አትወድቅም። የንግግሩ ጥራት ደግሞ ይደንቃል፦ እስፒሉ አፉ ውስጥ ሳለ «ምምም» ያለውን እኔ ሦስት መቶ ብዬ ሰማሁ፤ እስፒሉ ሲወጣ አራት መቶ ሆኖ ተገኘ።

ክር ሲያልቅ መቀሱ ክርኑ ሥር ተጋድሞ እያየው በጥርሱ ይበጥሳል። ለመቀሱ አዝኖለት ይሆናል። ከዓመታት ብጠሳ በኋላ የፊት ጥርሱ ላይ ክር ልክክ ብላ የምትገባባት ስርጉድ ወጥታለች። የጥርስ ሐኪም ቢያያት ጉዳት ይላታል፤ እኔ የሙያ ማስረጃ እላታለሁ። ወረቀቱን ምስጥ ሊበላው ይችላል፤ ይህችን ግን ማን ይሰርቃታል?

የከሰል ካውያው ሲግልለት ደግሞ ጉንጩን በውሃ ሞልቶ «ፍፍፍ» ይላል። የሙሽራም ይሁን የቄስ ልብስ አያዳላም፤ ሁሉም ከዚያ አንድ ምንጭ ይረጫል። ጣቱን ወግቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ደም ቢያንጠባጥብ ቶሎ ብሎ ምራቁን እትፍ ብሎ ያሸዋል። ይህችስ ከልቤ የማደንቃት ናት፤ ምራቅ ትኩስ ደም ያስለቅቃል፣ ሙቅ ውሃ ግን ያጸናዋል። ልብሱን ወስዶ በአንገቱ ያጠለቀው ሰው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ባያውቅም ይሻለዋል።

ጥበቡ ከመኪናው ጋር የመጣ እንዳይመስላችሁ። አያቴ ድሪቶ ስትደርት የጨርቁን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ትይዝና መርፌዋን በየጊዜው ቅቤ በጠገበው ጸጉሯ ውስጥ ሸርተት ታደርጋታለች። ቅቤ የቀመሰች መርፌ የኮት ቁራጭም፣ የአሮጌ ጋቢ እጥፍም አይመክታትም። ራሷን ሳትቀባ በሰነበተች ጊዜ ድሪቶው እንደተወሰወሰ ይከርማል፤ «መርፌዋ ጾም ላይ ናት» ትለናለች። ያንን ድሪቶ የለበስን ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ወጥ ወጥ እየሸተተን አድረናል። ራት ሳንበላ ያደርን ቀን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ወደ አፉ ልመለስ። ምራቁ፣ ጥርሱ፣ ጉንጩ፣ ከንፈሩ ይህን ሁሉ ሲያገለግሉ አንዲት ሥራ ብቻ ታቅታቸዋለች፤ ቀን መጥራት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለውን ብሂል ሰፊያችን የሚወደው ይመስለኛል፤ ቢበጣጠስም የሚሰፋው እርሱ ነው። እኔ ጨርቁን የሰጠሁት በኅዳር ነበር። ጥር 11 በአሮጌው ሱሪዬ ታቦት ሸኘሁ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲሰለፉ ፈረሶቹ እንኳ አጊጠው ወጥተዋል፤ ለብሰው ያላበቁት እኔና የሱሪዬ ግራ እግር ነን።

ግን እንደዋዛ አልፈርድበትም፤ በቅኔ ትምህርቱ ስመ ጥር የሆነው የዋሸራ አገር ሰው ነው። ቅኔውን መፍታት የእኔ ፋንታ ነው። ክሩ እንዳይሸሽና እንዳይቋጠርበት በማር ሰም ሲያሸው ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሰሙ ክሩ ላይ አለ። ወርቁን ስፈልግ ስፈልግ ሰነበትሁና አንድ ሌሊት ብልጭ አለልኝ፤ በኅዳር የሰጠሁት ቀብድ ነው።

ትናንት ደግሞ ጎራ አልሁ።

«ወንድሜ፣ መቼ ልምጣ?»

ቀና ብሎ አየኝና ስድስቱን እስፒል እንደነከሰ «ምምም» አለኝ። እኔ «ቅዳሜ» ብዬ ሰምቻለሁ።