መመሪያ ሆይ፣ ውለታህ ብዙ ነው

አዲስ መመሪያ በመጣ ቁጥር ሰው ለምን እንደሚያማርር አይገባኝም። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከታች ሞባይል ቤት፣ ከላይ ኮሌጅ ካለባቸው ሕንፃዎች አንዱ ላይ ውጡና የማስታወቂያ ሰሌዳውን እዩት። ወረቀት በወረቀት ላይ እየተለጠፈ ፍራሽ አክሏል። ከሥር ያለው «ምዝገባ ጀምረናል» ይላል። ከላይ ያለው «ማብራሪያ እስኪደርሰን በትዕግሥት ጠብቁ»።

ይህ የእድገት ምልክት ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ በ1995 ወጣ፣ በ2001 ተተካ፣ በ2011 እንደገና ተተካ። ጠበቃ ሥራ እንዳይፈታ ታስቦ መሆን አለበት። የርቀት ትምህርት በ2002 መጨረሻ ቁም ተባለ፤ ብዙ ሳይቆይ ቀጥል ተባለ። በ2011 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ። ኮሌጆቹ አድራሻውን ለምደው ሳይጨርሱ በ2014 ተመልሶ ትምህርት ሚኒስቴር ገባ። ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ደግሞ ቀርቶ ነበር፣ በ2012 መጣ። ደግ እንግዳ ነው፤ ሲሄድም ሲመጣም አያስፈቅድም።

የመውጫ ፈተናውማ ልዩ ነው። በ2015 ለሁሉም የዲግሪ ተማሪ ሆነ። (ፈተናው ራሱ አይከፋም፤ ሳይማር የተመረቀ ሐኪም ማን ይፈልጋል?) የሚደነቀው ሰዓቱ ነው። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ «50 ከመቶ ካላመጣህ አትመረቅም» የሚባል ነገር ማንም አላነሳለትም። ሱፉን ካሰፋ በኋላ ተነሳለት። እንግዲህ ይክሰስ? ኮሌጁን ቢከስ ኮሌጁ «መመሪያ ነው» ይላል። መመሪያውን ያወጣውን ቢከስ «ውልህ ከኮሌጁ ጋር ነው» ይባላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ መግባባት ባልና ሚስት መሃል እንኳ የለም።

አንድ የሚያበሳጭ ሕግ ግን አለ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 1183/2012። መመሪያ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይቅረብ፣ ይመዝገብ፣ ድረ ገጽ ላይ ይጫን ይላል። ያልተመዘገበ አይሠራም ይላል። ቅር የተሰኘ ፍርድ ቤት ሄዶ ይከለስልኝ ማለት ይችላል፣ ይላል ደግሞ! ደግነቱ የሚያነበው የለም። ኮሌጆቻችንም ጨዋ ናቸው። ደብዳቤ ሲመጣ «ይሄ ተመዝግቧል?» ብለው ሰው አያስቀይሙም። ፎቶ ኮፒ አድርገው ይለጥፋሉ።

በ2017 ደግሞ የግል ኮሌጆች እንደ አዲስ ተመዝገቡ ተባሉ። ባለፈው ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ከቦሩ ሜዳ የመጡ አባት ነበሩ። ደረሰኞቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

«አባባ፣ መመሪያው ተቀይሯል። የልጅዎ ዲፓርትመንት ለጊዜው ቆሟል።»

«መቼ ተቀየረ?»

«ደብዳቤው ትናንት ነው የደረሰን።»

«ልጄ የገባችው እኮ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።»

«ለሷም ይሠራል።»

ሽማግሌው ፌስታሉን ፈቱ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ ደረደሩ።

«ብሩስ? እሱም ይቆማል?»

«አብሽሩ አባባ፣ ክፍያውን መመሪያው አይነካውም። የዚህ ወሩ እስከ አርብ ነው።»