ሜሞሪውን የያዘው ልጅ ይከፈለው

ጎንደር ላይ በሚቀረጹ የፊልምና የቪዲዮ ሥራዎች የሚሳተፉ ጀማሪ ረዳቶች ልምድ ስለሚያገኙ ክፍያ አያስፈልጋቸውም፣ ሥራቸውም ሻይ ማመላለስ ነው ሲል ሰሞኑን አንድ ፕሮዲውሰር ነግሮናል።

ሻይ! ለሻይ ብቻ ከሆነማ ልጁን ሌሊት 10 ሰዓት ለምን ትቀሰቅሱታላችሁ? ፒያሳ ላይ ባጃጅ የሚያስቆመው፣ ክላፑ (ቀረጻ ሲጀመር ካሜራ ፊት የሚመታው ሰሌዳ) ላይ የሲኑንና የቴኩን፣ ማለትም የትዕይንቱንና የድግግሞሹን ቁጥር የሚጽፈው፣ የመብራቱን መቆሚያ ነፋስ እንዳይጥለው አሸዋ የሞላ ከረጢት የሚጭንበት እሱ አይደለም? አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ኤዲተሩ ድምፅና ምስል ሲያፈላልግ ያድራል።

ሜሞሪውማ፣ ካሜራው የቀረጸው የሚቀመጥበት ካርድ፣ የባሰ ነው። አነስተኛ ቡድን ውስጥ የሞላው ሜሞሪ የሚሰጠው ለዚሁ «ሻይ አመላላሽ» ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ 128 ጊጋባይቱን ለመሙላት 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት (አንድ ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው) በሚጽፍ ሃርድ ዲስክ ይህን ኮፒ ማድረግ ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ኮፒው ደግሞ ሁለት፣ በሁለት የተለያየ ዲስክ መሆን አለበት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ የፋይሉ ስም እየታየ ፋይሉ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ያመሳክራል፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ከፍቶ ያያል፤ ከዚያ በፊት ሜሞሪውን ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ባዶ ማድረግ የለም። ኮፒ ያልተደረገው ላይ ቀይ ፕላስተር፣ የተደረገው ላይ አረንጓዴ። እንቅልፍ አጥቶ ካምታታቸው የቀኑ ቀረጻ አለቀለት።

ጥምቀት ላይ ደግሞ አስቡት። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ በማግስቱ ጠዋት ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ሲዘልበት፣ «አልተያዘምና ድገሙልን» አይባልም። ተዋናይ ይደግማል፤ ያ ጠዋት ግን የሚመጣው በዓመቱ ነው። ይህን በሙሉ በአንድ ልጅ እጅ አስቀምጣችሁ የቀን አበሉን ትነፍጉታላችሁ!

ሙያው ከታች እንደሚጀመር ማንም አይክድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይለፍ ይላል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም በመርሕ ደረጃ የሌላው ሠራተኛ መብት አለው። ለግል ድርጅት ዝቅተኛ ደመወዝ አለመወሰኑን «በነጻ ይቻላል» ብሎ መተርጎም ዓይን ያወጣ ብልጠት ነው።

ጀማሪዎችም የቀን ክፍያውን፣ ትራንስፖርቱንና ሥራው የሚያልቅበትን ሰዓት ቀረጻው ሳይጀመር፣ ቢያንስ በቴሌግራም አስጽፉ። «መጀመሪያ እንይህ» የሚል ፕሮዲውሰር ሜሞሪውን ራሱ ኮፒ ያድርግ።