ከጓደኛ ጋር ሲሆን ሌላ ጨዋታ ነው

«ጎስት ሪኮን ዋይልድላንድስ» ስለተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ያነበብኩት ጽሑፍ ጨዋታው ይደጋገማል፣ ያሰለቻል ይላል። ለብቻው ለሚጫወት ልክ ነው። ታሪኩም ስስ ነው። ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጨዋታ የተሠራው ለአራት ሰው ነው። ቦሊቪያ ገብታችሁ ሳንታ ብላንካ የተባለውን የኮኬይን ቡድን ታፈርሳላችሁ።

ጣዕሙ መናበቡ ላይ ነው። አንዱ ድሮን አስነስቶ ጠባቂዎቹን ይለያል። ሌላው ኮረብታው ላይ ስናይፐር ይዞ ይተኛል። ሦስተኛው ጀነሬተሩን ያጠፋል። «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ሲባል እኩል ይተኮሳል። አንዱ ከቸኮለ አለቀ፤ ደወሉ ይጮኻል፣ ካምፑ በሙሉ ይነሳባችኋል።

መልክዓ ምድሩማ ድንቅ ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ አየሩ እንደሚለወጠው፣ እዚያም ከብርዳሙ ተራራ ወደ ጫካው ስትወርዱ አገሩ ይቀየራል። የመኪናው አነዳድ ግን ያናድዳል።

እዚህ ደብረ ብርሃን ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ጌም ቤት ገብተን እንደ ፊፋ ሁለት ጆይስቲክ ይዘን በአንድ ቲቪ አንጫወተውም። ጨዋታው ስክሪኑን ለሁለት ተጫዋች አይከፍለውም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ኮንሶልና ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ኦፕሬሽኑ መሃል ኔትወርክ ሲቆረጥ በጣም ያበሽቃል።

ቢሆንም ለብቻ ሲሆን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በ2019 የወጣው ተከታዩ ብሬክፖይንት ግን ለብቻ እንኳን ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ለኛ ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። አዘጋጁ ጽሑፉ ላይ ቢጨምረው ደስ ይለኛል።