ቀና ማለት ነው እንጂ

አንድ ጸሐፊ «አዲስ አበባ መሀል ጄት እንጂ ትንሽ አውሮፕላን አይታይም» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። ሜክሲኮ አካባቢ ፎቅ ላይ ሆኖ ቀና ለሚል ሰው አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ክንፉን እዩ፤ ከመስኮቱ በላይ ሆኖ ከሥር በዘንግ ከተደገፈ ሴስና የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ሊሆን ይችላል፣ ከሴስናዎቹ ካራቫን የሚባለው ገዘፍ ይላል። ዳይመንድ 40 የሚባለው ሌላው ትንሽ አውሮፕላን ግን ክንፉ ከታች ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ትንሽ ሞተር ጉልበት ያጥረዋል፣ ሲነሳ ብዙ ይሮጣል፣ ሲወጣም ያዘግማል። ለእኛ ለተመልካቾች እሰየው ነው፣ ቶሎ አያመልጥም!

ደግሞ «ፀሐይ»ን እንዴት ረሷት? በ1928 ዓ.ም. እዚሁ ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት፣ በ2016 የተመለሰችው ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን እኮ ናት። ካሜራ ይዛችሁ የኤርፖርቱን አጥር ግን አትጠጉ፤ ከጥበቃ ጋር ከመነታረክ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ማለት ይሻላል።