ለመልክ ብሎ ኦፕራሲዮን፦ ነርሷና ፋርማሲስቱ ሲከራከሩ

የክርክሩ ሐሳብ ይህ ነው፦ «ጤነኛ ሰው ለመልኩ ብሎ ፊቱን ቢሠራ ነውር የለውም።» የምትደግፈው ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። የሚቃወሙት አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት መድኃኒት ቤት የሠሩ ፋርማሲስት ናቸው። በጽሑፍ ነው የተመላለሱት። ስም አልፈለጉም፤ በሙያቸው እንጠራቸዋለን።

ነርሷ፦

እኛ ጋ የሚደውል ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ «ያማል?» ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ «ሰው ያውቅብኛል?»

በቅደም ተከተል ልመልስ። አፍንጫ መሠራት አሜሪካ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ለመልክ ብቻ ከሆነ ኢንሹራንስ አይከፍልም። መተንፈስ የሚከለክል የውስጥ መጣመም ካለ ግን ያንን ክፍል ሊሸፍን ይችላል። ሕመሙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ አብዛኛው የሚያማርረው አፍንጫው ስለሚታፈን ነው። ላዩ ላይ የሚደረገው ድጋፍ በሳምንት ገደማ ይነሳል። ዓይን ሥር የበለዘው በሁለት ሳምንት አካባቢ ይለቃል። ሥራ ለመመለስ ይህ ይበቃል። ትዕግሥት የሚፈልገው እብጠቱ ነው። አብዛኛው በሳምንታት ይወርዳል፣ የመጨረሻው ቅርጽ ግን 1 ዓመት ድረስ ይፈጃል። ወፈር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ለዚህ ነው በሦስተኛው ወር «አልወደድኩትም፣ እንደገና ይሠራልኝ» ለምትል ሴት ጠብቂ የምንላት።

ይህን ሁሉ ሰምታ፣ ገንዘቧን ቆጥባ፣ አስባበት የመጣች የ35 ዓመት ሴት ምን አጠፋች? ጥርሱን ብሬስ ያሳሰረን ሰው ማንም አልወቀሰም። እናቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰዋል። ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ረድፍ ረድፍ ጌጥ አስነቅሰዋል። ያውም በመርፌና በጥላሸት፣ ያለ ማደንዘዣ። ለማማር ብሎ ፊትን መንካት ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም።

ፋርማሲስቱ፦

እህቴ፣ ንቅሳቱን ራስሽ ስላነሳሽው ከዚያው ልነሳ። ያ ንቅሳት ዛሬ የት ደረሰ? ስንቷ ናት ሌዘር ቤት እየተመላለሰች የምታስጠፋው? በዘመኑ «እንዴት ያምርባታል» ያስባለው፣ ከተማ ስትገባ ወይም አረብ አገር ስትሄድ መሳቀቂያ ሆነባት። ፋሽን ያልፋል፣ ፊት ይቀራል። ማስጠፋቱም የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። በሳምንታት ልዩነት መመላለስ አለ። ለጠቆረ ቆዳ የማይስማማ ሌዘር ከተመረጠ ደግሞ ቦታው ነጥቶ ወይም ጠቁሮ ይቀራል። ለእኛ ቆዳ የሚሻለው የብርሃን ሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖ ሜትር የሆነው ሌዘር ነው። ይህን ጠይቃ የገባች ደንበኛ ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ቀዶ ጥገናው። አንዲት ወጣት ማስክ አድርጋ መድኃኒት ቤት ገባች። ማስኩን ዝቅ ስታደርገው አፍንጫዋ በፕላስተር ተሸፍኗል። በቱርክኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጠችኝ። አንቲባዮቲክ ነው የምትፈልገው። ከተሠራች ሳምንት አልሞላትም፤ በዚያው አውሮፕላን ተሳፍራ መጥታለች። «ማን ነው የሠራሽ?» አልኳት። የሐኪሙን ስም አታውቀውም። የምታውቀው ዋትሳፕ ላይ የምታናግራትን አስተርጓሚ ነው። እሷም ከክፍያው በኋላ መልስ መስጠት ቀንሳለች።

ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ሕመም ይጠይቃል፣ ጠባሳ ይጠይቃል። «ቢበላሽ ማን ጋ ነው የምሄደው?» ብሎ አይጠይቅም። ሻጩም አያስታውሰውም።

ነርሷ፦

ጋሼ፣ የከሰሱት ጥቅል ጉዞውን ነው። ቀዶ ጥገናውን አልነኩትም። ኢስታንቡል ውስጥ ስመ ጥር የአፍንጫ ሰርጀኖች አሉ። ችግሩ ሆቴሉን፣ መኪናውንና አፍንጫውን በአንድ ደረሰኝ የሚሸጠው ደላላ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ፊት፣ የዓይን ቆብ ወይም አፍንጫ የተሠራ ሰው ከመብረሩ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን እንዲቆይ ይመክራል። የአምስት ቀን ፓኬጅ የሚሸጥ ሰው ይህን ሊነግራት አይፈልግም።

እዚህ አሜሪካም ቢሆን ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሐኪም ለመልክ የሚሆን ኦፕራሲዮን ቢሠራ ሕጉ አይከለክለውም። «ቦርድ ሰርቲፋይድ ነኝ»፣ ማለትም የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ ከሚሰጥ ቦርድ ወረቀት አለኝ፣ ሲልዎት «የየትኛው ቦርድ?» ማለት ያስፈልጋል። በሌላ ሙያ ቦርድ ያለውም እንደዚያው ይላል። የአሜሪካ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ቦርድ አለ፤ ከአንገት በላይ ስፔሻላይዝ አድርገው የፊት ፕላስቲክ ሰርጀሪን የጨመሩም አሉ። ከእነዚህ ውጪ ያለውን ልብ ይበሉ።

ፋርማሲስቱ፦

እንግዲህ ታካሚዋ መርማሪ ፖሊስ ትሁን ማለትሽ ነው። ትርፍ አንጀት የታመመ ሰው ይህን ሁሉ አይመረምርም፤ መመርመርም የለበትም። ልዩነቱ ምን መሰለሽ? ለታመመ ሰው አደጋው ከበሽታው ጋር ይመዘናል። ጤነኛው ሰው ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ምንድን ነው? ፎቶ!

እስቲ ኬሎይዱን፣ ቁስል ሲድን ከልክ በላይ የሚያብጠውን ጠባሳ፣ ንገሪኝ። ጆሮዋን ተበስታ ባቄላ የሚያህል ያበጠባት ልጅ መድኃኒት ቤት ስትመጣ አያለሁ። እንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ቢላዋ?

ነርሷ፦

እሱ ሰው ሊጠይቀው ከሚገባው ሁሉ ዋናው ጥያቄ ነው። እኛም የምንጀምረው ከጆሮ ነው። ሰርጀኗ ፀጉር ገለጥ አድርጋ ከጆሮ ኋላ ታያለች። ደረትና ትከሻ ላይ ያበጠ ጠባሳ እንዳለ ትጠይቃለች። እናትና እህት ላይስ? ኬሎይድ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በዘርም ይሄዳል። ግን ሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል አያወጣም። ጆሮ፣ ደረት፣ ትከሻና መንጋጋ ዋነኞቹ ናቸው። አፍንጫ ላይ እምብዛም አይታይም። የአፍንጫ ኦፕራሲዮን አብዛኛው ቁርጥ ደግሞ ውስጥ ነው። ክፍት በሚባለው ዓይነት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለችው ቆዳ ላይ ትንሽ ቁርጥ ይኖራል። ቀዳዳው እንዲጠብ ከተደረገ ደግሞ የአፍንጫው ክንፍ ጉንጭን ከሚነካበት እጥፋት ላይ ጠባሳ አለ።

በተቃራኒው፣ በከባድ ጉትቻ የተቀደደ የጆሮ ጫፍ ማሰፋት ሰው እንደ ቀላል የሚያየው ሥራ ነው። ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ይሠራል፣ በዚያው ቀን ቤት ይገባል። ኬሎይድን ካሰብን ግን ከአፍንጫው ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ኬሎይድ ዝም ብሎ ከተቆረጠ ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ገዝፎ። ለዚህ ነው ከመቁረጡ ጋር የስቴሮይድ መርፌ ወይም ሌላ ሕክምና የሚጨመረው።

ስለ ሚዛኑ ያሉት ላይ ግን አልስማማም። አንዷን ልንገርዎት። ስልኳን አውጥታ የምትፈልገውን አፍንጫ አሳየች። ሰርጀኗ ስልኩን ወደ ጎን አደረገችው። በሁለት ጣት የሴትየዋን ጉንጭ ወደ ውጭ ሳብ አድርጋ «በአፍንጫሽ ሳቢ» አለቻት። ሴትየዋ ሳበች። ዓይኗ ፈጠጠ። «እንዲህ ተንፍሼ አላውቅም» አለች። የአፍንጫዋ ውስጣዊ በር ጠባብ ኖሯል። ያሳየችው ፎቶ ላይ ያለውን አፍንጫ ብትሠራ ኖሮ ይብስ ይደፈን ነበር። በመጨረሻ የተሠራው ማጥበብ ሳይሆን መደገፍ ነው፤ ከውስጥ ግድግዳው ልም አጥንት ተወስዶ በሩ ተከፈተ። ላዩ ላይ ያለው ጉብታ ትንሽ ዝቅ አለ። አሁን እዚህ ሕክምናው የቱ ነው፣ መልኩ የቱ ነው?

ፋርማሲስቱ፦

ጥሩ ሰርጀን ገጠማት። መልካም። እኔ የምሟገተው ስለ አማካዩ ነው።

ስልኩን አነሳሽው አይደል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል የተነሳ ሰልፊ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። ልጆቹ የሚጣሉት ከሌንስ ጋር ነው፤ የሚቆረጠው ሥጋቸው ነው።

ደግሞ አንቺ ስለ ቢላዋው ስታወሪ መርፌውን ረሳሽው። ዛሬ የፊት ሥራ የሚጀመረው ውበት ሳሎን ነው። መጨማደድን የሚያለሰልሰው ቦቶክስ እሺ፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ቆይቶ ይለቃል። ከንፈርን ወይም ጉንጭን ለመሙላት የሚወጋው ፊለር ግን ሌላ ነው። የተሳሳተ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ያሞታል። ወደ ዓይን ከሄደ ያሳውራል፤ ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ግን ደርሷል። የሂያሉሮኒክ አሲድ ፊለርን የሚያሟሟ ሂያሉሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት አለ። በደቂቃዎች ውስጥ እጅ ላይ ካልተገኘ ግን ለዓይን ብዙም አይደርስም። ጥፍር የምትሠራው ልጅ መሳቢያ ውስጥ ሂያሉሮኒዴዝ አለ?

ነርሷ፦

የለም። እዚህ ላይ ክርክር የለንም። ፊለር የሚወጋ ሰው ሐኪም ወይም በሐኪም ቁጥጥር ሥር ያለ ባለሙያ መሆን አለበት፤ ማሟሟቻውም ጠረጴዛው ላይ።

ግን እርስዎ «ጤነኛ ሰው አይነካ» ሲሉ ልጅቷ ፍላጎቷን አትተውም። ተደብቃ ነው የምትሄደው። ከእናቷ ትደብቃለች፣ ከባሏ ትደብቃለች። ከዚያ ከሐኪሟም መደበቅ ትጀምራለች። ሺሻ ታጨሻለሽ ወይ ስንላት «ኧረ በጭራሽ!» ትላለች። ኒኮቲን የቆዳን የደም ዝውውር ስለሚያጠብ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞና 4 ሳምንት በኋላ መቆም አለበት። በተለይ ፊትን ማስወጠር ለሚፈልጉ፤ ያ ቆዳ ተነስቶ ነው የሚሰፋው፣ ደም ካላገኘ ይሞታል። ጫትም እንደዚያው፤ የደም ግፊትና የልብ ምት ስለሚጨምር ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ማወቅ አለበት። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ቫይታሚን ኢ፤ እነዚህ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ይህን ሁሉ የሚያስደብቀው «ነውር» የሚለው ቃልዎ ነው።

ፋርማሲስቱ፦

ነውር ያልኩት ልጅቷን አይደለም።

ይህ ሙያ በዘመናዊ መልኩ ከየት መጣ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ለመጠገን ነው ሃሮልድ ጊሊስ እንግሊዝ ሲድከፕ ውስጥ የተጠበበበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ። እኛ አገር ዛሬም ያ ጦርነት አላለቀም። የካቲት 12 ሆስፒታል ሂጂና እሳት ያቃጠላቸውን ልጆች እይ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ፣ ኖማ የሚባለው በሽታ ጉንጩን የበላው ልጅ ወረፋ ይጠብቃል። የዓይን ቆብ ኦፕራሲዮን ገጠር ውስጥ ሲባል ትራኮማ ወደ ውስጥ ያጠፈውን ቆብ ማቃናት ነው፤ ሽፋሽፍቱ ዓይኗን እየቧጠጠ እንዳያሳውራት። የሰለጠነ እጅ ውድ በሆነበት አገር ያ እጅ ወደ ሰልካካ አፍንጫ ሲሄድ ዝም ልበል?

ነርሷ፦

የእኔ ታካሚ ቨርጂኒያ ያለች፣ በራሷ ገንዘብ የምትታከም ሴት ናት። እሷ ብትተወው የካቲት 12 ያለው ወረፋ በአንድ ሰው አያጥርም። አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ጥያቄዎ ይከብዳል፤ ለእኔ ታካሚ አይከብድም።

ፋርማሲስቱ፦

ይሁን። እንግዲያው ስለ እናንተው ልጠይቅ። ገንዘብ ይዛ የመጣችን ሴት «አይሆንም» ብላችሁ መልሳችሁ ታውቃላችሁ?

ነርሷ፦

እናውቃለን። ሰውነቱን አስቀያሚ አድርጎ የማየት የአእምሮ ሕመም አለ። ማንም ሰው የማያያትን ነጥብ እሱ ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ ያያታል። እንዲህ ላለው ሰው ኦፕራሲዮን አይረዳም፤ ይሠራና ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል። አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት ተመልሳለች። ሰርጀኗ የአእምሮ ሐኪም እንድታይ ነገረቻት። ተቆጥታ ወጣች።

ከወራት በኋላ ደወለች። ሌላ ክሊኒክ ተሠርታለች። አንደኛው የአፍንጫዋ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል፣ ሕመሙ እየጨመረ ነው፣ ትኩሳትም አላት። ግድግዳው ላይ ደም ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ካልፈሰሰ ልም አጥንቱ ይሞታል፣ አፍንጫው ይሰምጣል። በዚያች ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድትሄድ ነገርኳት። ሄደች፤ ተከፍቶ ፈሰሰላት። ነውር ነው ብያት ቢሆን ኖሮ ለእኔ አትደውልም ነበር።

ፋርማሲስቱ፦

የሠሯት ሰዎችስ? እነሱ ጋ አልደወለችም?

ነርሷ፦

ደውላለች። ቅዳሜ ማታ ነበር። ስልኩ ሰኞ ጠዋት እንድትሞክር የሚነግር ቅጂ ነው ያሰማት።