የባልየው ፋይል የት አለ?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የሕክምና ወረቀቶቿን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸው። የደም ምርመራ አለ። አልትራሳውንድ አለ። ቱቦዋ ክፍት መሆኑን ለማየት ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ የተነሳችው ራጅ አለ፤ የዚያ ቀን ሕመም ለሁለት ቀን አስተኝቷታል። የሆርሞን ምርመራ ሁለቴ ሦስቴ ተሠርቷል። አምስት ዓመት ልጅ ፍለጋ የተመላለሰችበት ነው ሁሉም። አንድ በአንድ አየሁና «የእሱስ?» አልኳት። ዝም አለች። የባሏ አንድም ወረቀት አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው። ስሟንም የታከመችባቸውን ቦታዎችም አልጠራም።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ባልየው ችግር ገጠመው። ብልቱ ይቆምና መሀል ላይ ይከዳዋል። አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም። ተፋፈሩ። እሱ አምሽቶ መግባት ጀመረ፤ እሷ ቀድማ መተኛት። በቅጡ የሚገናኙት በሁለት ወር አንዴ ቢሆን ነው። እሷ ደግሞ በየወሩ ሐኪም ቤት ወረፋ ትይዛለች። በአምስት ዓመት ውስጥ ካዩዋት ባለሙያዎች አንዱም «በሳምንት ስንት ጊዜ ትገናኛላችሁ? ግንኙነቱስ ይሳካል ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። እሷም አልተናገረችም። ባሏን ማዋረድ መሰላት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ ግን የደበቀው እሱ፣ መድኃኒት ያጣችው እሷ ነች።

የእንቁላልና የስፐርም ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከሴቷ የሚወጣው እንቁላል የሚቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ነው። ስፐርም ሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በወር ውስጥ ለማርገዝ የሚመቹት ቀናት ስድስት ገደማ ናቸው። በእነዚያ ቀናት ቢገናኙ እንኳ፣ ጤነኛ ለሆኑ ወጣት ጥንዶች በአንድ ወር የማርገዝ ዕድላቸው ከአራት አንድ አይበልጥም። ለዚህ ነው ሐኪሞች በየሁለት ሦስት ቀኑ ተገናኙ የሚሉት። እንደዚያ ሲሆን ከ100 ጥንዶች 85 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። በሁለት ወር አንዴ፣ ያውም ሳይሳካ ለሚቀር ግንኙነት ግን ይህ ስሌት አይሠራም። መጀመሪያ መታከም የነበረበት መኝታ ቤቱ ነበር።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። ልጅ አልመጣልንም ብለው ለሚመጡ ጥንዶች የወንዱ የዘር ፈሳሽ ሳይመረመር፣ ሁለቱም ስለ ግንኙነታቸው ሳይጠየቁ፣ ሴቷ ላይ የሚያሳምም ምርመራ መጀመር የለበትም። የወንዱ ምርመራ ቀላል ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ናሙና መስጠት ነው። አያምም። ከራጁም ከቀዶ ሕክምናውም ይረክሳል። መካንነት ካጋጠማቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ግማሹን ምክንያት ሳያዩ እንዴት ነው ሕክምና የሚጀመረው?

ሐኪሞች ሲመልሱ «ባሎች አይመጡም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ አይመጡም። ግን ማን ጠራቸው? ለእርግዝና ክትትል የመጣች ሴት «ባልሽ መጥቶ ኤች አይ ቪ ይመርመር» ስትባል ኖራለች። ሁሉም ባይመጡም የመጡ አሉ። እዚህም «ያለ እሱ አንጀምርም» መባል አለበት። የአክስቴ ልጅ ባል ኋላ ላይ የነገረኝን አልረሳውም። ሦስት ጊዜ አድርሷት መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠብቋታል። «ግባ ያለኝ የለም» አለኝ።

ብዙዎች የሚያምታቱት አንድ ነገር አለ። ስንፈተ ወሲብና መካንነት አንድ አይደሉም። ብልቱ የማይቆምለት ሰው ስፐርሙ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ማድረሱ ላይ ነው። አልጋ ላይ ምንም የማይጎድለው ወንድ ደግሞ የዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም ስፐርም ላይኖር ይችላል። ከጉርምስና በኋላ የያዘው ጆሮ ደግፍ ቆለጡን ጎድቶት ይሆናል። ያልታከመ ጨብጥ መተላለፊያውን ደፍኖት ይሆናል። የቆለጥ ደም መልስ ሥሮች አብጠው ይሆናል። ይህ ሰው ፈሳሹን ሲያይ ሁሉም ነገር ደህና ይመስለዋል። «እኔ ምንም አልሆንኩም፣ እሷ ነች» የሚለውም ከልቡ አምኖ ነው። ፈሳሹን ዓይቶ ማወቅ ግን አይቻልም፤ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል።

ቶሎ መጨረስም እንዲሁ ሰውን ያስጨንቃል። ዘሩ የሴቷ ብልት ውስጥ እስከፈሰሰ ድረስ ቶሎ መጨረስ ለብቻው እርግዝና አይከለክልም። የሚከለክለው ሳይገባ ሲፈስ ነው። ስኳር ባለባቸው አንዳንድ ወንዶች ላይ ደግሞ ዘሩ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ሽንት ፊኛ ይመለሳል። ስሜቱ አለ፣ ፈሳሹ ግን የለም ወይም ጠብታ ነው። ለዚህም መላ አለው፤ ስፐርሙን ከሽንት ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ግን ሰውየው ለሐኪም ካልነገረ ማን ያውቅለታል?

አለመቆሙን ወንዶች የወንድነት ፈተና አድርገው ነው የሚያዩት። እኔ የምለምናቸው የደም ሥር ጉዳይ አድርገው እንዲያዩት ነው። የብልት ደም ቅዳ ሥር ስፋቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ነው። የልብ ሥሮች ሦስትና አራት ሚሊሜትር ይሆናሉ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ሥር ሲያጠቡ ቀድሞ የሚቸገረው ቀጭኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብልት ላይ የታየው ችግር ከዓመታት በኋላ ልብ ላይ የሚመጣውን የሚጠቁም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒቶችም ችግሩን ያመጣሉ፤ ሐኪሙ ሊቀይራቸው ይችላል። መጠጥ አለ። ጭንቀት አለ። እንቅልፍ ማጣት አለ።

ጭንቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጅ የሚፈልጉ ጥንዶች ቀን መቁጠር ይጀምራሉ። ስልኳ «ዛሬ ነው» ይላታል። ሥራ ቦታ ትደውልለታለች። እሱ ደክሞት፣ ተናዶ፣ ምናልባትም ከእናቱ «የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት?» የሚል ወቀሳ ሰምቶ ይመጣል። ልብስ ሲያወልቅ እንደ ፈተና ክፍል ይሆንበታል። አንድ ቀን አይሳካም። በሚቀጥለው ወር ገና ቀኑ ሳይደርስ ይፈራል። ፍርሃቱ ራሱ ችግሩን ይመልሰዋል። በዚህ ዓይነት ፍጹም ጤነኛ የነበረ ሰው ስንፈት ይጀምረዋል። እሷም «ጠላኝ» ትላለች፤ እሱም «ለዘር ብቻ ነው የምትፈልገኝ» ይላል። ለእነዚህ ሰዎች ቀን መቁጠሩን ትተው በየሁለት ሦስት ቀኑ በፍቅር መገናኘት ይሻላቸዋል። ከባለሙያ ጋር አብሮ መነጋገርም ይረዳል።

ብዙ ወንድ ግን የሚሄደው ሐኪም ጋ ሳይሆን ፋርማሲ ነው፤ ያለ ማዘዣ፣ አንገቱን ደፍቶ። ቫይግራ እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ላይ የዋለ ጥሩ መድኃኒት ነው። በትክክል ሲታዘዝ ብዙ ትዳር ረድቷል። ግን ለልብ ሕመም ናይትሬት ከሚባሉት መድኃኒቶች ጋር ከተወሰደ የደም ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል። ኪኒኑ ያልታወቀ ስኳርንም አያክምም፤ ችግሩን ይሸፍንለታል እንጂ። ከዚያ የባሰው ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን መርፌ ነው። ጂም ውስጥ ሹክ ይባባላሉ። ወንድነት ይጨምራል ብሎ የሚወጋው ሰው አንጎሉ «ሆርሞኑ ሞልቷል» ብሎ ለቆለጡ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። የስፐርም ምርት ይወርዳል፤ ዜሮ ሊገባም ይችላል። መርፌውን ካቆመ በኋላ ለመመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ይህን መርፌ በራሱ ውሳኔ እንዳይነካው።

«ታስሮ ነው፣ መተት አሠርተውበት ነው» የሚሉም አሉ። ጸበል መሄድን አልቃወምም፤ ሰው በእምነቱ ይጽናናል። ግን የደም ስኳሩን ተለክቶ ይሂድ።

አረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችንም እዚህ ውስጥ አሉ። ሁለት ዓመት ሠርታ ለአንድ ወር ዕረፍት ትመጣለች። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ማርገዝ አለባት። ሳታረግዝ ስትመለስ አማቷ «መካን ናት» ትላለች። በአራት ዓመት ትዳር አብረው የተኙት ሁለት ወር እኮ ነው! መካንነት የሚባለው አንድ ዓመት ሙሉ ያለ መከላከያ ሳያቋርጡ ተገናኝተው እርግዝና ሲጠፋ ነው። ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ግን ስድስት ወር አይተው ቢመረመሩ ይሻላል።

ሕክምናው ደግሞ አገር ውስጥ አለ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከሉን ከፍቷል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዓለም በሚያውቀው ዘዴ አንድን ስፐርም ነጥሎ እንቁላል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ብዙው ሰው ግን እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ችግሩ አለመቆም ብቻ ከሆነ መንስኤውን ማከም፣ ካልሆነም ሐኪም የባልየውን ዘር ማህፀኗ ውስጥ እንዲያስገባው ማድረግ ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ ባል በመጨረሻ ገባ። የዘር ፈሳሹ ምርመራ ደህና ነው። የደም ስኳሩ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለስንት ጊዜ እንደቆየበት አያውቅም። አሁን መድኃኒት ጀምሯል፣ ሲጋራውን ትቷል፣ መኝታ ቤታቸውም ቀስ በቀስ እየተስተካከለ ነው። ሐኪሙን የሚያሳስበው አሁን የእሷ ዕድሜ ነው። 37 ሞላት። ያን የመጀመሪያውን ራጅ ስትነሳ 32 ነበረች።