ነቅሎ ሰኪዎች

ነቅሎ ሰኪዎች አስመርረውኛል። ቴሌቪዥኑ ምስል ሲያጣ ነቅሎ መሰካት፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ነቅሎ መሰካት፣ አሁን ደግሞ ራውተሩ ላይ መጡብኝ።

ሰሞኑን የባለቤቴ አጎት እኛ ቤት፣ ደሴ፣ ቡና ሊጠጡ መጡ። ቶናው ሲቀዳ ዋይፋዩ ቆመ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ የራውተሯን ሎግ፣ የገጠማትን ሁሉ የምትጽፍበትን መዝገብ፣ ማንበብ ጀመርኩ። «የግንኙነት ሰንጠረዡ ሞልቷል፤ የመረጃ ፓኬት እየተጣለ ነው» የሚል መስመር ዓይኔ ውስጥ ከመግባቱ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ቀና ስል ጋሼ የራውተሯን ገመድ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አብሽር! አሁን ይሠራል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምክንያቱን እያየሁ እኮ ነበር።»

«ምክንያት ምን ያደርግልሃል? ይኸው መጣ!»

እውነትም መጣ። ነቅሎ መሰካት አይሠራም አልልም። ይሠራል፤ የሚያናድደኝም መሥራቱ ነው። ራውተሯ ሎጓን የምትጽፈው ራም በሚባለው፣ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ በሚሆነው ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ስትነቀል የጥፋቱ ማስረጃ በሙሉ አብሮ ይጠፋል። ነቃዩ ተመስግኖ ቡናውን ይጠጣል። እኔ ደግሞ ችግሩ እንደገና እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ራውተሯ 32 ሜጋባይት ራም እና 4 ሜጋባይት ፍላሽ (ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት ቋሚ ቦታ) ብቻ ያላት አሮጊት ናት። ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርኩ ዘበኛ፣ ሆና ቤቱን እንድትጠብቅ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለ፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራ የራውተር ሶፍትዌር ጭኜባታለሁ። የሶፍትዌሩ ባለቤቶች ራሳቸው ለእንዲህ ዓይነቷ ሣጥን 19.07 የተባለውን ስሪት የመጨረሻ አድርገው ተሰናብተዋታል። ቦታ እንዳትጨርስብኝ በብሮውዘር የሚከፈተውን መቆጣጠሪያ አውጥቼ በኤስኤስኤች፣ ትእዛዝ በጽሑፍ እየሰጠሁ፣ ብቻ ነው የምገባባት። በነገራችን ላይ የሜሞሪ ስስት የቆየ በሽታ ነው። ያቺ ስመ ጥር ሰማያዊ ራውተር፣ ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ፣ አራተኛው ስሪቷ 16 ሜጋባይት ራም ነበራት። በፈረንጆቹ 2005 የወጣው አምስተኛው ስሪት ግን 8 ብቻ ይዞ መጣ። ፍላሹም ከ4 ወደ 2 ወረደ። አዲሱ ከአሮጌው ያነሰ! ካርቶኑ ግን አላነሰም።

እንዲህ ያለው ፋየርዎል እያንዳንዱን ግንኙነት መመዝገብ አለበት። ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ፖርት (ቁጥር የተሰጠው በር) እንደተነጋገረ ሰንጠረዥ ላይ ይጽፋል፤ መዝገቡም ራም ይበላል። ሊኑክስን እንዳመጣጡ ከተዉት፣ የተመሠረተ የቲሲፒ (የተለመደው የኢንተርኔት መነጋገሪያ ደንብ) ግንኙነት ድምፁ ቢጠፋ እንኳ 432,000 ሰከንድ ይጠብቀዋል። አምስት ቀን ማለት ነው። እኛ ወሎ ለቅሶ እንኳ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት በሦስት ቀን ይነሳል! ኦፕን ደብሊውአርቲ ይህን ወደ 7,440 ሰከንድ አውርዶታል፤ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ። እሱም ቢሆን ቡና ላይ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲከፍት አይበቃም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ከተረቶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። የማልወደው የሚተርቱትን ሰዎች ነው። ይህን ተረት በሥራ ላይ ያዋለ ሽማግሌ አላየሁም። ሁሉም ይተርቱትና ከሥሩ ሳይደርሱ ይነሳሉ።

ሐይቅ አካባቢ አባቴ አንዲት ማሳ ነበረችው። አዋሳኙ በየእርሻው አንድ ትልም ይገፋል። የወሰኑ ድንጋይም አብሮት ይሄዳል። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ተመረቀ፣ «ነገርን ከሥሩ» ተባለ። አባቴ ድንጋዩ ድሮ የት እንደነበር ሊያሳይ ብድግ ሲል፣ «ተው እንጂ፣ ጎረቤት አይደላችሁ? በሉ አፉ ተባባሉ!» አሉት። አፉ ተባባሉ። በግ ታረደ። ሽማግሌዎቹ በልተው ሄዱ። ድንጋዩን ማን ሄዶ አየው? ማንም! በሚቀጥለው እርሻ ሌላ ትልም ተገፋ። አባቴ እንደገና አቤት ሲል ደግሞ «አንተ ሰውዬ ይቅርታ አታውቅም እንዴ?» ተባለ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ገፊው ሰላም ወዳድ፣ ተገፊው ነገረኛ ሆኖ ቀረ። በጉንም የገዛው አባቴ ነው።

የጥንቶቹ አውጫጭኝ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ከብት ሲሰረቅ የአገሩ ሰው በሙሉ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ግፍም ነበረበት፤ ንጹሑ ከሌባው እኩል ይራባል፣ አዝመራው ሜዳ ላይ ይቀራል። ይመለስልን አልልም። ቢሆንም እነዚያ ሰዎች «አብሽር» ተባብለው አልተበተኑም። ዛሬ ስብሰባ ላይ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል። ሻይ ይታወጃል። ከሻይ መልስ ጥያቄያችሁ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

ራውተሯን ረስቼያት ነበር። አሁን ሎጓን በዩዲፒ 514፣ ለሎግ መላኪያ በተለመደው ፖርት፣ በኩል ወደ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ እንድትልክ አድርጌያታለሁ። ማንም ቢነቅላት ወሬው ላፕቶፑ ላይ ይቀራል። ሰንጠረዡንም ገልብጬ አየሁት። ከግማሽ የሚበልጠው መዝገብ የአንድ ስልክ ነው! የማን እንደሆነ ለማወቅ ማክ አድራሻውን፣ ስልኩ ዋይፋይ ላይ የሚታወቅበትን መለያ፣ አየሁ። ፋብሪካ የሰጠው አይደለም፤ ስልኩ ራሱ የፈጠረው ነው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልኮች ዋይፋይ ላይ በተውሶ አድራሻ መግባት ልማዳቸው ሆኗል። አውጫጭኝ ቢጠራም ምስክር የለም ማለት ነው።

ያው ቡና ላይ ጠየቅሁ። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አሉ። አንዱ ጎረቤቴ ብቻ መፍትሔ አመጣልኝ።

«ምን ያደርቅሃል፣ ፓስወርዱን ቀይረህ ተገላገል» አለኝ። «ስትቀይረው ግን ለኔ ላክልኝ።»